የሯጭ እግር ውሃ ውስጥ ለምን ይሰምጣል? የ12 ሳምንት የትራያትሎን ልምምድ

አጭሩ ትራያትሎን 750 ሜትር ዋና፣ 20 ኪሎ ሜትር ብስክሌትና 5 ኪሎ ሜትር ሩጫ ነው። በኦሊምፒክ ለግል ውድድር የሚያዘው ርቀት የዚህ እጥፍ ነው፤ 1,500 ሜትር፣ 40 እና 10 ኪሎ ሜትር። አዲስ አበባ ላይ ይህን ስፖርት ልሞክር የሚል አማተር አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ከሩጫ ነው። 5 ኪሎ ሜትሩን ከቁም ነገር አይቆጥረውም፤ ብስክሌቱንም በእግሬ እወጣዋለሁ ይላል። ከዚያ ገንዳ ይገባል። 10 ኪሎ ሜትርን በ42 ደቂቃ የሚጨርስ ሰው 50 ሜትር ዋኝቶ የገንዳውን ጠርዝ ሙጥኝ ብሎ ሲያለከልክ ይታያል።

ሯጭን ሯጭ ያደረገው እልህ ነው፤ ሲከብደው ይጨምራል። ውሃ ይህን ልማድ አይቀበልም። የተጨመረው ጉልበት አብዛኛው አረፋ ሆኖ ይቀራል። ብስክሌት ላይ የወጣ እልህም ዕዳው የሚጠየቀው ሩጫው ላይ ነው። ስለዚህ እዚህ የምጽፈው ዕቅድ ከሦስቱ ውስጥ ለዋናው ያደላል፤ ስለ ሩጫው የምለው ጥቂት ነው። ዕቅዱ 50 ሜትር ሳይቆም መዋኘት ለሚችል፣ በሳምንትም ሰባት ሰዓት ገደማ ላለው ሰው ነው። ጨርሶ የማይዋኝ ሰው መጀመሪያ አሠልጣኝ ይዞ ዋና ይማር፤ 12 ሳምንቱ ከዚያ በኋላ ይጀመራል።

እግር የሚሰምጥበት ምክንያት አንድ ብቻ አይደለም። ሳንባ አየር ስለያዘ ደረት ይንሳፈፋል፤ የሯጭ እግር ግን ስብ የሌለው ጡንቻና አጥንት ስለሆነ ወደ ታች ይጎትታል። ሰውነቱ ሳንባው ላይ እንደተቀመጠ የሚዛን ዘንግ ነው፤ ጭንቅላት ቀና ባለ ቁጥር ዳሌ ይወርዳል። ፊት ለፊት እያየ የሚዋኝ ሰው እግሩን የሚያሰምጠው ራሱ ነው። ቁርጭምጭሚትም አለ። የሯጭ ቁርጭምጭሚት ደረቅ መሆኑ መሬት ላይ እንደ ሞላ ያነጥረዋል፤ ውሃ ውስጥ ግን ጣቶቹ ወደ ኋላ ስለማይዘረጉ እግሩ እንደ መልሕቅ ይንጠለጠላል። ማታ ማታ ተንበርክኮ ተረከዝ ላይ መቀመጥ፣ አንድ አንድ ደቂቃ ሦስት ጊዜ፣ በወር ውስጥ ለውጥ ያመጣል፤ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ይለፈው። ሦስተኛው ጥፋት ጉልበትን አጥፎ መርገጥ ነው። መሬት ላይ ሩጫ ነው፣ ውሃ ውስጥ ግን ጭኑ ወደፊት በመጣ ቁጥር ውሃውን እየገፋ ፍሬን ይሆናል። እግር ከዳሌ ይነሳል፤ ጉልበት የሚታጠፈው ውሃው እስከሚያጥፈው ድረስ ብቻ ነው።

ከሁሉም የከፋው ግን ትንፋሽ ማፈን ነው። ጀማሪ ፊቱን ውሃ ውስጥ ሲከት አየሩን ይይዛል፤ ቀና ሲል በአንዲት ቅጽበት ማስወጣትም ማስገባትም ይፈልጋል፤ ሁለቱም አይሞሉለትም። ያ «ታፈንኩ» የሚያሰኘው ስሜት በአብዛኛው የሚመጣው ኦክስጅን አልቆ ሳይሆን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሳይወጣ ተጠራቅሞ ነው። በዚያ ላይ በአየር የተወጠረ ደረት ይበልጥ ስለሚንሳፈፍ እግር ይበልጥ ይወርዳል። ፊት ውሃ ከነካበት ቅጽበት ጀምሮ በአፍንጫ ቀስ እያሉ ማስወጣት፣ ቀና ሲባል ማስገባት ብቻ። ገንዳ ዳር ቆሞ፣ አገጭን ዝቅ ከፍ እያደረጉ ሃያ ጊዜ ይህንን መደጋገም እንደ ልጅ ጨዋታ ይመስላል፤ ሆኖም ብዙ ሰው ወር የሚያባክንበት ችግር የሚፈታው እዚሁ ላይ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ርቀት አትቁጠሩ። በሳምንት ሦስት ቀን፣ 45 ደቂቃ በቂ ነው፤ አንድ ቀን ሁለት ሰዓት ከመዋኘት ይሻላል፣ ምክንያቱም የውሃ ስሜት በአራት በአምስት ቀን ይጠፋል። በግድግዳ ገፍታችሁ፣ ዓይናችሁ ቀጥታ ከሥራችሁ ያለውን ወለል እያየ፣ ምንም ሳትንቀሳቀሱ ተንሸራተቱ፤ አምስት ስድስት ጊዜ። ቀጥሎ በጎን፦ አንድ እጅ ወደፊት ተዘርግቶ፣ ሌላው ጭን ላይ፣ ፊት ወደ ታች፣ በእግር ብቻ 25 ሜትር፤ ትንፋሽ ሲያስፈልግ ጭንቅላት ብቻውን ሳይሆን መላ ሰውነት ይዞራል። ስድስት ጊዜ፣ ሦስቱ በቀኝ ሦስቱ በግራ። የእግር መቅዘፊያ ጫማ ካላችሁ እዚህ ላይ ተጠቀሙበት። ከዚያ ሙሉ ፍሪስታይል (በደረት ተኝቶ በሁለቱም እጅ በየተራ እየቀዘፉ) 25 ሜትር ስምንት ጊዜ፣ በየመሃሉ 30 ሰከንድ እረፍት፣ የእጅ ቀዘፋችሁን እየቆጠራችሁ።

ቆጠራው የሁለቱም እጆች ነው። 25 ሜትር ላይ ከ30 በላይ ከሆነ እጃችሁ ውሃ እየያዘ ሳይሆን እየተንሸራተተ ነው። የተለመዱት ምክንያቶች ሁለት ናቸው። አንደኛው እጅ ሲገባ የጭንቅላትን መስመር አልፎ ወደ ተቃራኒው ጎን መሻገሩ ነው፤ ሰውነት እንደ እባብ ይጥመለመላል፣ እግርም ሚዛን ለመጠበቅ ግራና ቀኝ ይከፈታል። እጃችሁ ከትከሻው ፊት ለፊት ይግባ፤ በጣም የሰፋ እስኪመስላችሁ ድረስ ብታሰፉት አብዛኛውን ጊዜ ትክክለኛው ቦታ ያ ነው። ሁለተኛው በተዘረጋ ክንድ ውሃውን ወደ ታች መጫን ነው። ወደ ታች የተጫነ ውሃ ደረትን ያነሳል እንጂ ወደፊት አይወስድም። ክርን ከፍ እንዳለ ይቆይ፣ የጣቶች ጫፍ ወደ ወለሉ ይመልከት፣ መዳፍና ክንድ አብረው ወደ ኋላ ይግፉ።

የቀዘፋ ቁጥር ብቻውን ያታልላል፤ ሰው እየተንሸራተተና እየቆመ ቁጥሩን ሊቀንስ ይችላል። ሰከንዱን ደምሩበት። 25 ሜትርን በ28 ቀዘፋና በ36 ሰከንድ ከሆነ ድምሩ 64 ነው። በ25 ቀዘፋና በ35 ሰከንድ ሲሆን 60። ድምሩ እየወረደ ከሆነ እየተሻሻላችሁ ነው። ይህ ሁሉ የሚሠራው ገንዳው 25 ሜትር ሲሆን ነው። የሆቴል ገንዳ ሁሉ 25 ሜትር አይደለም፤ 18ም 20ም ይሆናል፣ የተጻፈበት ሰሌዳም የለውም። በሜትር ለኩት። 20 ሜትር ገንዳ ላይ 25 መስሎት የሚሠለጥን ሰው ውድድር ላይ 750 ሜትሩ ለምን እንዳላለቀለት አይገባውም።

በሦስተኛው ሳምንት ፈተና ውሰዱ። ሰውነት ካሟሟቁ በኋላ 400 ሜትር በምትችሉት ፍጥነት ዋኙና ሰዓቱን ያዙ፤ አሥር ደቂቃ በቀላል እንቅስቃሴ አርፋችሁ 200 ሜትር እንዲሁ። ከመጀመሪያው ሰዓት ላይ ሁለተኛውን ቀንሱ፣ ለሁለት አካፍሉ። ለምሳሌ 400ው 10:00፣ 200ው 4:40 ቢሆን ልዩነቱ 5:20 ነው፤ ግማሹ 2:40። ይህ ለ100 ሜትር ሳትሰበሩ ልትይዙት የምትችሉት ፍጥነት ነው፤ 750 ሜትሩም በ20 ደቂቃ ያልቃል ማለት ነው። ከስድስት ሳምንት በኋላ 9:12 እና 4:22 ብትዋኙ ስሌቱ 2:25 ይሰጣል፤ 750ው ወደ 18 ደቂቃ ይወርዳል። እዚህ ጋ አንድ ወጥመድ አለ፦ 200ውን በዝግታ የዋኘ ሰው በስሌቱ ከእውነተኛው የፈጠነ ቁጥር ያገኛል፤ ያንን ቁጥር ይዞ ሲለማመድ ደግሞ በሦስተኛው ዙር ይሰበራል።

ከዚያ በኋላ ሰኞ ሰኞ ዋናውን ጠንከር አድርጉት። 200 ሜትር ማሟሟቂያ፣ 150 ሜትር የአቋም ልምምድ (የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት መንሸራተትና የጎን ዋና)፣ ቀጥሎ 8 ጊዜ 50 ሜትር በፈተናው ፍጥነት፣ በየመሃሉ 20 ሰከንድ። በየሳምንቱ ወደ 12 ጊዜ 50፣ ከዚያ 6 ጊዜ 100፣ 10 ጊዜ 100፣ በአሥረኛው ሳምንት 3 ጊዜ 300 ሜትር ይደርሳል። የመጨረሻው ዙር ከመጀመሪያው ከሦስት ሰከንድ በላይ ካዘገመ ፍጥነቱን እንጂ እረፍቱን አትንኩ። ረቡዕና ዓርብ አቋም ላይ ብቻ ይዋላል። ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ላይ እንደምትዋኙ አትርሱ፤ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። በውጭ መጻሕፍት የምታዩት 10 ሰከንድ እረፍት እዚህ 15 ወይም 20 ይሁን። ሯጭ አየር ሲያንሰው ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል፤ ዋናተኛ ግን የሚተነፍሰው እጁ ሲፈቅድለት ነው። በየሦስት ቀዘፋ መተንፈስን የሚሰብኩ አሉ፤ በዚህ ከፍታ በየሁለት ቀዘፋው መተንፈስ ምንም ነውር የለውም።

በጭን መሃል የሚያዘው ተንሳፋፊ ፎም የሯጭ ሱስ ነው። እግርን ያነሳል፣ ፍጥነት ይጨምራል፣ ደስ ይላል። የሚደብቀው ግን ልታስተካክሉት የመጣችሁትን ችግር ነው። ከአንድ ቀን ልምምድ ሩቡን አይለፍ።

ውድድሩ ሐይቅ ላይ ከሆነ ቢያንስ ሦስት ጊዜ ሐይቅ መግባት ያስፈልጋል። የትኛው ሐይቅ የሚለው ቀልድ አይደለም፤ በሐዋሳ፣ በዝዋይና በጣና ቢልሃርዚያ መኖሩ የታወቀ ነው፣ ጉማሬም የማይታጣባቸው ቦታዎች አሉ። ብዙ ሰው ላንጋኖን የሚመርጠው ለዚህ ነው። የላንጋኖ ውሃ ቡናማ ስለሆነ የራስ እጅ እንኳ አይታይም፤ ገንዳ ላይ የለመዳችሁት የወለል መስመር የለም። በየስድስት ወይም ስምንት ቀዘፋው ዓይንን ብቻ፣ እንደ አዞ፣ ከውሃው በላይ አውጥቶ ዛፍ ወይም ጣራ ማየት፣ ከዚያ ወደ ጎን ዞሮ መተንፈስ ነው። ማየትና መተንፈስን አንድ ላይ የሚያደርግ ጭንቅላቱን ብዙ ያነሳል፣ እግሩም ይሰምጣል። ነፋስ ሳይነሳ በማለዳ ግቡ፤ ብቻችሁን አትግቡ፤ ደማቅ ተንሳፋፊ ወገባችሁ ላይ እሰሩ።

ወደ ብስክሌቱ። ውድ መሆን የለበትም፤ ገንዘብ ካለ መጀመሪያ ሄልሜት፣ ቀጥሎ ጎማ ይገዛ። ባለ ጥርስ የተራራ ጎማን በለስላሳ መቀየር ብቻ ከብዙ ሳምንት ልምምድ የበለጠ ፍጥነት ይሰጣል። የኮርቻ ከፍታ የሚወጣው በመለኪያ ነው፦ ባዶ እግር ግድግዳ ተደግፎ፣ መጽሐፍ በጭን መሃል እስከ ላይ አስጠግቶ፣ ከመጽሐፉ ጫፍ እስከ ወለል ይለካል። ያንን በ0.883 አባዙ። 82 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 72.4 ይመጣል፤ ይህ ከፔዳሉ ማዞሪያ እምብርት እስከ ኮርቻው አናት ያለው ርቀት ነው። መነሻ እንጂ ፍርድ አይደለም። ጉልበት ከፊት ካመመ ኮርቻው ዝቅ ብሏል፤ ከኋላ ካመመ ወይም ዳሌ ግራ ቀኝ ከተወዛወዘ ከፍ ብሏል። በአንድ ጊዜ ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ አታንቀሳቅሱት፤ የድሮውን ቦታ በፕላስተር ምልክት አድርጉ።

ባለ 28 ሚሊ ሜትር ጎማ ለ70 ኪሎ ሰው ከ70 እስከ 80 ፒኤስአይ የአየር ግፊት ይበቃዋል። ቀጭኗ የብስክሌት ቫልቭ የጎሚስታው ኮምፕሬሰር ላይ አትገጥምም፤ ትንሿን የናስ ማገናኛ ኪሳችሁ ያዙ። ከመነዳሪ ሲፈነዳ ቀይሮ መሄድ ብቻ ስህተት ነው፤ ቀዳዳውን ፈልጉና አንብቡት። ከውጭ በኩል አንድ ቀዳዳ ከሆነ እሾህ ወይም ከከባድ መኪና ጎማ የወጣ ሽቦ ነው፤ ጎማው ውስጥ አሁንም አለ፣ በጨርቅ ዳስሳችሁ ካላወጣችሁት አዲሱንም ይበሳዋል። ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ከሆነ አየሩ አንሶ ጉድጓድ ላይ ከቸርኬው ጋር ተቆንጥጧል። ከውስጥ በኩል ከሆነ የቸርኬው ጨርቅ ተንሸራቷል። አዲሱን ከመክተት በፊት ትንሽ አየር ስጡት፤ የጎማውን የመጨረሻ ጠርዝ በእጅ እንጂ በማውጫው ብረት አታስገቡ፣ ብዙ አዲስ ከመነዳሪ የሚሞተው በዚያ ብረት ነው። ካቴናውንም በማስመሪያ ለኩ፤ አዲስ ሲሆን 24 ቀለበት ከፒን እስከ ፒን 304.8 ሚሊ ሜትር ነው፣ ወደ 306.5 ከተጠጋ ማርሾቹን ሳይበላ ይቀየር።

ሯጭ ብስክሌት ላይ ከባድ ማርሽ ይወዳል፤ ግፊቱ ይሰማዋላ። በደቂቃ 60 ዙር የሚገፋ ጭን ግን ሩጫው ላይ የለም። ከ85 እስከ 95 ዙር ያዙ። ቆጣሪ ከሌለ የቀኝ ጉልበታችሁን ለ15 ሰከንድ ቁጠሩ፣ 22 ከሆነ 88 ነው። ማክሰኞ አንድ ሰዓት፦ እስከ አራተኛው ሳምንት 4 ጊዜ 5 ደቂቃ፣ እስከ ስምንተኛው 3 ጊዜ 10፣ ከዚያ 2 ጊዜ 15 ደቂቃ፣ አጭር ዓረፍተ ነገር ብቻ መናገር በሚያስችል ጥረት፣ በየመሃሉ ሦስት አራት ደቂቃ እየቀለለ። ቅዳሜ ሁለት ሰዓት በቀላሉ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ፣ ከባድ መኪናው ሳይበዛ። መሻሻልን ለመለካት ከ8 እስከ 10 ደቂቃ የሚወስድ አንድ ዳገት ምረጡ፤ ወደ እንጦጦ የሚወጣው መንገድ ለዚህ ይመቻል። በየአራት ሳምንቱ ያንኑ ዳገት በዚያው ማርሽ ውጡና ሰዓትና አማካይ የልብ ምት ጻፉ። ሜዳ ላይ የሚለካ ፍጥነት ከነፋሱ የተነሳ አይታመንም።

ለቅዳሜው ጉዞ አንድ ሊትር ውሃ ላይ አምስት የሾርባ ማንኪያ ስኳር (60 ግራም ገደማ)፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨውና ግማሽ ሎሚ ይበቃል፤ ከተሸጠው መጠጥ የሚያንሰው ቀለሙ ነው። በየ15 ደቂቃው ሁለት ሦስት ጉንጭ። በሶ ጥሩ ነው፣ ግን ከሁለት ሰዓት በፊት ይበላ፤ አሰሩ ብስክሌቱ ላይ ሆድ ይወጥራል።

ሩጫውን አትጨምሩት። ሐሙስ 40 ደቂቃ፣ ከውስጡ 5 ጊዜ 3 ደቂቃ ፈጣን፤ እሑድ 40 ደቂቃ በጣም ቀላል፣ ከደከማችሁ የሚቀረውም ይህ ነው። ከሩጫው ሁሉ የሚበልጠው ቅዳሜ ከብስክሌቱ ወርዶ ወዲያው የሚሮጠው 15 ደቂቃ ነው። በሰዓት 28 ኪሎ ሜትር ሲሄድ የቆየ ዓይን የሩጫ ፍጥነትን አሳንሶ ያያል፤ ስለዚህ ሰው ሳያውቀው ይፈጥንና በሁለተኛው ኪሎ ሜትር ይከፍላል። የመጀመሪያውን ኪሎ ሜትር ከተለመደው 15 ሰከንድ አዘግዩ፣ እርምጃውን አሳጥሩ። የሚጻፈው ቁጥር ልዩነቱ ነው፦ ትኩስ እግር 5 ኪሎ ሜትርን በ22:30 ከሮጠ፣ ከብስክሌት በኋላ ደግሞ በ24:30፣ ልዩነቱ ሁለት ደቂቃ ነው። ወደ አንድ ደቂቃ ሲጠጋ ብስክሌቱ በስሏል ማለት ነው፤ ሩጫውን በመጨመር አይጠብም።

ረቡዕና ዓርብን ለአቋም ዋና የተውኩት ያለ ምክንያት አይደለም፤ የሚጾም ሰው ከባዱን ልምምድ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ላይ ያገኘዋል። በዐቢይ ጾም ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ የሚበላ ሰው ከባዱን ወደ ማታ፣ ከምግብ ሁለት ሰዓት በኋላ ያዛውር፤ ጠዋት የሚቀረው ቀላል ዋና ነው። ቅዳሜ ከቀዳም ሥዑር በቀር የሰዓት ጾም ስለሌለ ረጅሙ ብስክሌት እዚያው ይቆያል። በረመዳንም ከባዱ ከኢፍጣር በኋላ ይሁን፤ በሁለቱም ጾም ፈተና አትውሰዱ። ሦስት ሳምንት እየጨመራችሁ አራተኛውን በሲሶ ቀንሱ፤ በ12ኛው ሳምንት ደግሞ ግማሹን ብቻ፣ ፍጥነቱን ሳትነኩ።

ውድድሩ ዱባይ ወይም ሌላ ባሕር ዳርቻ ከሆነ ዋናውና ሩጫው እንደሚቀል ትጠብቁ ይሆናል፤ ሙቀቱ ካልቀደመ ልክ ናችሁ። ብስክሌቱ ግን ያስገርማል። እዚያ አየሩ ወፍራም ስለሆነ ሜዳ ላይ ይበልጥ ይገፋል፤ እግራችሁ ብርቱ ሆኖ ሳለ ፍጥነቱ የጠበቃችሁትን ያህል አይነሳም። በአዲስ አበባው ፍጥነት ሳይሆን በጥረቱ ሂዱ። ሙቀቱን ለመልመድ ከሰባት እስከ አሥራ አራት ቀን ይፈልጋል።

የቀረው ከዋና ወደ ብስክሌት፣ ከብስክሌት ወደ ሩጫ የሚታለፍበት መቀያየሪያ ነው፤ ላብ ሳይወጣ ሁለት ደቂቃ የሚገኝበት ቦታ። በግቢያችሁ አሥር ጊዜ ተለማመዱት። ከውሃ ስትወጡ መነጽርና ኮፍያ እየሮጣችሁ ይወልቃሉ። ሄልሜቱ ክፍት ሆኖ መሪው ላይ ተገልብጦ፣ ማሰሪያዎቹ ወደ ውጭ ተንጠልጥለው ይጠብቃል። መጀመሪያ ሄልሜት፣ ማሰሪያው ቀጭ እስኪል፣ ከዚያ ብቻ ብስክሌቱ ይነካል፤ ስትመለሱም ብስክሌቱ ማቆሚያው ላይ እስኪሰቀል ማሰሪያው አይፈታም። ይህ ሕግ ነው፣ ያስቀጣል። በብስክሌቱ መውጫ ላይ ከተሰመረው መስመር በፊት አይወጣበትም። የሩጫ ጫማችሁ ላይ የሚለጠጥ ማሰሪያ አድርጉ፣ ውስጡን ታልክ ንስነሱበት፤ እርጥብ እግር ከካልሲ ጋር የሚያደርገውን ግብግብ ገንዳ ዳር አንድ ጊዜ ሞክሩና እዩት።